ባቡር ሲፈጥን ለምን ይዋልላል?
የ«እባብ ጉዞ» ፊዚክስና የሞላዎች ሚና

መኪና መሪ አለው፤ ባቡር ግን የለውም። የባቡር ነጂ ፍጥነት ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ፍሬን ይይዛል እንጂ ወደ ግራም ሆነ ወደ ቀኝ አያዞርም። ታዲያ ባቡሩን በሐዲዱ መካከል የሚያቆየው ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ለተማሪዎች ስናቀርብ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው መልስ «በመንኮራኩሩ የውስጥ ጠርዝ ላይ ያለው ከንፈር ነው» የሚል ነው። መልሱ በከፊል እንጂ በሙሉ ትክክል አይደለም። ከንፈሩ የመጨረሻው መከላከያ ነው፤ በደህናው ጉዞ ጊዜ ሐዲዱን ጨርሶ ባይነካ ይመረጣል። ባቡሩን የሚመራው የመንኮራኩሩ ቅርጽ ነው። አስገራሚው ነገር ደግሞ ይኸው ባቡሩን የሚመራ ቅርጽ፣ ፍጥነት ሲጨምር ባቡሩን ከሐዲድ ሊያወጣ የሚችል ንዝረት ምንጭ መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ ንዝረቱ እንዴት እንደሚፈጠርና መሐንዲሶች በሞላዎችና በሾክ አብዞርበሮች አማካይነት እንዴት እንደሚገቱት እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሾጣጣው መንኮራኩር

የባቡር ሁለት መንኮራኩሮች በአንድ አክስል ላይ ጥብቅ ሆነው የተገጠሙ ስለሆኑ አንዱ ከሌላው ተለይቶ ሊሽከረከር አይችልም። በመኪና ላይ በኩርባ ጊዜ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ እንዲዞር የሚያደርገው ዲፈረንሻል በባቡር ላይ የለም። ይህን ሥራ የሚሠራው ሐዲዱን የሚነካው የመንኮራኩሩ ገጽ ነው። ገጹ እንደ ጣሳ ክዳን ቀጥ ያለ ሳይሆን በትንሹ ሾጣጣ ሆኖ፣ በውስጥ በኩል ወፈር፣ በውጭ በኩል ቀጠን ያለ ነው። የተለመደው ተዳፋት 1 ለ20 ወይም 1 ለ40 ነው።

ባቡሩ ወደ ኩርባ ሲገባ ጥንዱ መንኮራኩር ወደ ውጭ በጥቂቱ ይንሸራተታል። በዚህ ጊዜ የውጪው መንኮራኩር ወፍራም በሆነው ክፍሉ፣ የውስጠኛው ደግሞ ቀጭን በሆነው ክፍሉ ሐዲዱን ይረግጣሉ። አክስሉ አንድ ዙር ሲዞር የውጪው ረዥም፣ የውስጠኛው አጭር መንገድ ስለሚጓዝ ጥንዱ ራሱን በኩርባው ላይ ያዞራል። ቀጥ ባለ ሐዲድ ላይም እንዲሁ ነው፤ ጥንዱ ወደ ግራ ቢዛነፍ የግራው መንኮራኩር በወፍራሙ በኩል ስለሚሄድ ይቀድማል፣ ጥንዱም ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሮ ወደ መካከል ይመለሳል።

ይህን በቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። ሁለት የፕላስቲክ ኩባያዎችን አፍ ለአፍ ገጥመን በፕላስተር እናጣብቅ፤ ከዚያም ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎችን እንደ ሐዲድ ትይዩ አድርገን፣ አንዱን ጫፍ በመጽሐፍ ከፍ አድርገን ኩባያዎቹን እንልቀቃቸው። በመካከል የወፈረው ጥንድ ወዲያና ወዲህ እያለ እስከ ታች ይወርዳል። ኩባያዎቹን በቂጣቸው ብናጣብቃቸው ግን ጥንዱ ጥቂት ሳይሄድ ከዘንጉ ይወድቃል።

ፊዚክስ የሚወድ ተማሪ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ወደ መካከል የተመለሰው ጥንድ መካከሉን ሲያገኝ አይቆምም። በዚያ ቅጽበት ፊቱ ወደ ቀኝ የዞረ ስለሆነ አልፎ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ከዚያም ወደ ግራ ይመለሳል። ስለዚህ በሐዲዱ ላይ የሚጽፈው መንገድ እንደ እባብ የሚጠማዘዝ ነው። ጃፓናውያን መሐንዲሶች ይህን እንቅስቃሴ «የእባብ ጉዞ» የሚል ትርጉም ባለው ስም ይጠሩታል፤ እኛም በዚህ ስም እንጠቀማለን።

የእባብ ጉዞ በቁጥር

ክሊንገል የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1883 የዚህን እንቅስቃሴ የሞገድ ርዝመት አስልቶ አቀረበ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ጥንዱ ከመካከል በራቀ ቁጥር የሁለቱ መንኮራኩሮች የራዲየስ ልዩነት ይጨምራል፤ ልዩነቱ በጨመረ ቁጥር ጥንዱ ወደ መካከል ይበልጥ ይታጠፋል። በሌላ አነጋገር የጎንዮሽ ሽምጠጣው ከዝንፈቱ ጋር ቀጥተኛ ተመጣጣኝ፣ በአቅጣጫ ግን ተቃራኒ ነው። ይህ ከፔንዱለም የምናውቀው ቀላል ስምም ውዝዋዜ ነው። ውጤቱም የሚከተለው ነው፦

ሞ = 2 × ፓይ × √(ራ × ግ ÷ ሾ)

እዚህ ላይ «ሞ» የሞገድ ርዝመት፣ «ራ» የመንኮራኩሩ ራዲየስ፣ «ግ» መንኮራኩሮቹ ሐዲዱን በሚነኩባቸው ሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ግማሽ፣ «ሾ» ደግሞ የሾጣጣው ተዳፋት ነው። በ1435 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ግማሽ ርቀቱ 0.75 ሜትር ያህል ነው። ራዲየሱን 0.46 ሜትር፣ ተዳፋቱን 1 ለ20 ማለትም 0.05 ብንወስድ የሞገዱ ርዝመት 16.5 ሜትር ገደማ ይሆናል።

በቀመሩ ውስጥ ፍጥነት አለመኖሩን ልብ እንበል። ባቡሩ በዝግታም ሆነ በፍጥነት ቢሄድ እባቡ የሚታጠፈው በተመሳሳይ ርቀት ነው። የሚለወጠው ድግግሞሹ ነው። በሰዓት 100 ኪ.ሜ. ሲጓዝ በሴኮንድ 1.7 ጊዜ፣ በሰዓት 300 ኪ.ሜ. ሲጓዝ 5 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል። የጎንዮሽ ሽምጠጣ ደግሞ ከድግግሞሹ ስኩዌር ጋር ያድጋል። የውዝዋዜው ስፋት 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው ብንል፦

በሰዓት 100 ኪ.ሜ. ከፍተኛው ሽምጠጣ 0.56 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር፤
በሰዓት 200 ኪ.ሜ. 2.2 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር፤
በሰዓት 300 ኪ.ሜ. 5 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር ይሆናል።

የመጨረሻው ቁጥር የመሬት ስበት ሽምጠጣ ግማሽ ነው። ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ጥንድ መንኮራኩር በሴኮንድ አምስት ጊዜ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በዚህ መጠን ሲወረወር ሐዲዱ የሚቀበለውን ኃይል መገመት አያዳግትም።

ንዝረቱ ኢነርጂውን ከየት ያገኛል?

የክሊንገል ስሌት የጂኦሜትሪ ስሌት ነው። ውዝዋዜው ያድግ ወይም ይሞት እንደሆነ አይነግረንም። ለዚህ መልስ መንኮራኩርና ሐዲድ የሚነካኩበትን ቦታ ቀረብ ብለን ማየት አለብን። የመነካኪያው ስፋት ከአንድ የሸሚዝ ቁልፍ ብዙም አይበልጥም። በዚህች ትንሽ ቦታ ላይ ብረቱ በጭነት ስለሚለጠጥና ስለሚጨመቅ መንኮራኩሩ ሙሉ በሙሉ አይንከባለልም፤ ዓይን በማያየው መጠን ይንሸራተታል። እንግሊዛዊው ካርተር በ1916 ይህን ጥቃቅን መንሸራተት በስሌት ውስጥ አስገብቶ የሎኮሞቲቮችን ርጋታ መረመረ።

ከዚህ ጥናት የተገኘው ቁም ነገር እንዲህ ነው። ውዝዋዜን የሚያበርደው የሰበቃ ኃይል የሚወሰነው በመንሸራተቱ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን፣ የመንሸራተቱ ፍጥነት ለባቡሩ ፍጥነት ባለው ንጽጽር ነው። ባቡሩ ሲፈጥን ንጽጽሩ ስለሚያንስ የማብረድ አቅሙ ይዳከማል፤ በአንጻሩ ጥንዱን አልፎ እንዲሄድ የሚገፋው ኢነርሺያ ይጨምራል። ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት ፍጥነት ወሳኝ ፍጥነት ይባላል። ከዚያ በታች ማንኛውም መወዛወዝ ቀስ በቀስ ይሞታል፤ ከዚያ በላይ ግን ትንሹ ዝንፈት እያደገ ሄዶ ከንፈሮቹ ሐዲዱን በየተራ መምታት ይጀምራሉ።

እዚህ ላይ ሁለት የንዝረት ዓይነቶችን መለየት ይጠቅማል። ዥዋዥዌ የሚጫወትን ልጅ በየተራው የምንገፋው ከሆነ ዥዋዥዌው የሚያድገው ከውጭ በሚመጣ፣ ምቱን በጠበቀ ግፊት ነው። ማሲንቆ ግን ከዚህ ይለያል። የአዝማሪው እጅ ደጋኑን በአንድ አቅጣጫ ያለ መንቀጥቀጥ ይስባል፤ ክሩ ግን በራሱ ድግግሞሽ ይንቀጠቀጣል። ቀጥ ያለውን እንቅስቃሴ ወደ ንዝረት የሚለውጠው በደጋኑና በክሩ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። የእባብ ጉዞም የማሲንቆ ወገን ነው። ሐዲዱ ፍጹም ቀጥና ለስላሳ ቢሆን እንኳ፣ ባቡሩ ከወሳኝ ፍጥነቱ በላይ እስከሄደ ድረስ ንዝረቱ ከራሱ ከባቡሩ ጉዞ ኢነርጂ እየወሰደ ያድጋል። ስለዚህ ሐዲድን በማሳመር ብቻ ችግሩን ማስወገድ አይቻልም።

የ1955ቱ ፈተና

ይህ የወረቀት ላይ ሥጋት ብቻ እንዳልነበር ፈረንሳይ በመጋቢት 1955 አሳይታለች። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በሚገኝ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ሁለት የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮች ሦስት ሦስት ፉርጎ እየጎተቱ ለክብረ ወሰን ተሞከሩ። በዚያ ሙከራ በሰዓት 331 ኪ.ሜ. ተመዘገበ፤ ዓለምም አደነቀ። ከጉዞው በኋላ የተነሣው ፎቶግራፍ ግን ሌላ ነገር ይናገር ነበር፤ ቀጥ ብሎ የነበረው ሐዲድ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተጠማዘዘ ሲታጠፍ ይታያል። ሎኮሞቲቩ የራሱን ሞገድ በብረት ላይ ጽፎ አልፏል። ባቡሩ ከሐዲድ አለመውጣቱ ዕድል ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የጉልበት ችግር ተፈትቶ ነበር፤ የርጋታ ችግር ግን ገና አልተፈታም ነበር።

ከአውሮፕላን ወደ ባቡር

መፍትሔው በከፊል የመጣው ከባቡር ሰዎች ሳይሆን ከአውሮፕላን ሰዎች ነው። ጃፓናዊው ታዳሺ ማትሱዳይራ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በባሕር ኃይሉ የምርምር ተቋም የተዋጊ አውሮፕላኖችን የክንፍ ንዝረት ያጠና ነበር። የአውሮፕላን ክንፍም ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ከነፋሱ ኢነርጂ እየወሰደ ራሱን ሊሰብር ይችላል። ማትሱዳይራ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ባቡር ምርምር ሲገባ በርካታ መሐንዲሶች የባቡርን መወዛወዝ በሐዲድ መጣመም ያመካኙ ነበር። እርሱ ግን ነገሩ ከክንፉ ንዝረት ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ተገነዘበ፤ በሚሽከረከሩ ሮለሮች ላይ ሞዴል መንኮራኩሮችን እየሞከረም አረጋገጠው። ውጤቱ በጥቅምት 1 ቀን 1964 ሥራ በጀመረው በቶኪዮና በኦሳካ መካከል ባለው የሺንካንሰን መስመር ላይ ታየ። ባቡሩ መደበኛ መንገደኞችን ይዞ በሰዓት 210 ኪ.ሜ. ይጓዝ ነበር። የመንኮራኩሩ ተዳፋት 1 ለ40 ሆኖ በመመረጡ የሞገዱ ርዝመት ወደ 23 ሜትር ከፍ ብሏል፤ ቦጊው ደግሞ ለርጋታ ተብሎ የተነደፈ ነበር። በእንግሊዝ ሀገርም በ1960ዎቹ ከአውሮፕላን ኢንዱስትሪ የመጣው አለን ዊከንስ በደርቢ ከተማ ተመሳሳይ ጥናት መርቷል።

ሞላዎቹ ምን ይሠራሉ?

ብዙ ሰው ሞላና ሾክ አብዞርበር የተሠሩት ለተሳፋሪ ምቾት ብቻ ይመስለዋል። መሐንዲሶች ሰስፔንሽን የሚሉት ይህ ሥርዓት በባቡር ላይ ከምቾት የሚቀድም ሥራ አለው። ከምንም ጋር ያልታሰረ ጥንድ መንኮራኩር በማንኛውም ፍጥነት የማይረጋ መሆኑን ስሌቱ ያሳያል። ርጋታ የሚያገኘው በሞላ ከሌላ አካል ጋር ሲታሰር ነው።

የመንገደኛ ፉርጎ ብዙውን ጊዜ በሁለት ቦጊዎች ላይ ይቀመጣል። ቦጊ ማለት ሁለት አክስሎችን የሚይዝ፣ ከፉርጎው በታች ሊዞር የሚችል የብረት ፍሬም ነው። ሰስፔንሽኑ ሁለት ደረጃ አለው።

የመጀመሪያው ደረጃ አክስሉን ከቦጊው ፍሬም ጋር ያያይዛል። በርጋታ ረገድ ዋናው ጥያቄ ሞላው ወደ ላይና ወደ ታች ምን ያህል ይለጠጣል የሚለው ሳይሆን፣ አክስሉ በፍሬሙ ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይጠማዘዝ ምን ያህል ይይዘዋል የሚለው ነው። ማሰሪያው ሲጠነክር ሁለቱ አክስሎች በየፊናቸው መጠማዘዝ ስለማይችሉ አንድ ላይ መንቀሳቀስ ይገደዳሉ። በአክስሎቹ መካከል 2.5 ሜትር ርቀት ያለው ፍጹም ግትር ቦጊ ቢኖር የሞገዱ ርዝመት ከ16.5 ሜትር ወደ 32 ሜትር ገደማ ያድጋል። ድግግሞሹ በግማሽ ያህል ይቀንሳል ማለት ነው። የፈረንሳዩ ቲጂቪ በአክስሎቹ መካከል 3 ሜትር ርቀት ያለው ረዘም ያለ ቦጊ የሚጠቀመው ከዚህ በመነሳት ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ቦጊውን ከፉርጎው አካል ጋር ያገናኛል። በዘመናዊ ባቡሮች ላይ ብዙውን ጊዜ የአየር ሞላ ነው። ይህ ለስላሳ መሆን አለበት፤ ያለዚያ የቦጊው ንዝረት ሁሉ ወደ ተሳፋሪው ይተላለፋል። ለስላሳነቱ ግን የራሱ ጣጣ አለው። የፉርጎው አካል በሞላዎቹ ላይ የሚወዛወዝበት ድግግሞሽ ብዙ ጊዜ በ1 ሄርዝ አካባቢ ነው። በእኛ ምሳሌ የእባቡ ድግግሞሽ 1 ሄርዝ የሚደርሰው በሰዓት 60 ኪ.ሜ. ገደማ ሲጓዝ ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ፉርጎው በሙሉ ሊዋልል ይችላል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ደግሞ ይህ መዋለል ይጠፋል። ከፍ ባለ ፍጥነት የሚመጣው የቦጊው መወዛወዝ ከዚህ የተለየና ይበልጥ አደገኛ ነው።

ሁለት ተጻራሪ ፍላጎቶች

እንግዲህ ሁሉንም ነገር አጠንክረን ብናስር አይበቃም ወይ? አይበቃም። ግትር ቦጊ ቀጥ ባለ መስመር ላይ የረጋ ቢሆንም ወደ ኩርባ ሲገባ አክስሎቹ ከኩርባው ጋር መታጠፍ አይችሉም። ከንፈሩ ሐዲዱን ይፋጫል፤ ብረት ያልቃል፣ ጩኸት ይሰማል፣ የጎንዮሽ ኃይል ይጨምራል። ለኩርባ ልል ማሰሪያ፣ ለፍጥነት ጥብቅ ማሰሪያ ያስፈልጋል። የሰስፔንሽን ንድፍ በሁለቱ መካከል ሚዛን የማግኘት ጥበብ ነው።

ይህን ተቃርኖ በከፊል የፈታው በቦጊውና በፉርጎው አካል መካከል በአግድም የተጋደመ የዘይት ሾክ አብዞርበር ነው። ማንኪያን በማር ውስጥ ቀስ አድርጎ ማንቀሳቀስ አይከብድም፤ በፍጥነት መሳብ ግን ይከብዳል። የዘይቱ ሾክ አብዞርበርም የሚያሳየው ተቃውሞ ከእንቅስቃሴው ፍጥነት ጋር ይጨምራል። ባቡሩ ወደ ኩርባ ሲገባ ቦጊው የሚዞረው በሴኮንዶች ውስጥ፣ በዝግታ ስለሆነ ይፈቅድለታል። የእባብ ጉዞ ግን በሴኮንድ ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ፈጣን መጠማዘዝ ስለሆነ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ኢነርጂውንም ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ቲጂቪ በሚያዝያ 3 ቀን 2007 በሰዓት 574.8 ኪ.ሜ. ሲጓዝ ከሞተሩ ጉልበት ባላነሰ ክብሩ የዚህ ዓይነት ንድፍ ነው። የቲጂቪ ተጎራባች ፉርጎዎች በመካከላቸው አንድ ቦጊ በጋራ ስለሚጠቀሙ መላው ባቡር እንደ አንድ ሰንሰለት መተሳሰሩም ረድቷል።

ያረጀ መንኮራኩርና ባዶ ፉርጎ

ወሳኝ ፍጥነት ባቡሩ ከፋብሪካ ሲወጣ አንድ ጊዜ ተወስኖ የሚቀር ቁጥር አይደለም። መንኮራኩር በሥራ ላይ ይበላል፤ ሲበላ ገጹ የመጎድጎድ ጠባይ ያመጣል፣ ተዳፋቱም ይጨምራል። 0.05 የነበረው ወደ 0.2 ቢደርስ የሞገዱ ርዝመት ከ16.5 ሜትር ወደ 8.25 ሜትር ይወርዳል። በዚያው ፍጥነት ድግግሞሹ እጥፍ፣ ሽምጠጣው አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መንኮራኩሮችን በየጊዜው ለክቶ በቶርኖ ማስተካከል፣ ዘይት የሚያፈስ ሾክ አብዞርበርን መለወጥ የቁጠባ ጉዳይ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

በጭነት ባቡሮችም ላይ አንድ ትኩረት የሚሻ ነገር አለ። በብዙ የዓለም ክፍሎች የተለመደው የጭነት ቦጊ መጠማዘዝን የሚቃወመው በሰበቃ ነው። ሰበቃ ደግሞ ከክብደት ጋር ስለሚመጣጠን ፉርጎው ባዶ ሲሆን ተቃውሞው ይቀንሳል። ሰው ከሚጠብቀው በተቃራኒ ይበልጥ የሚዋልለው ሙሉው ሳይሆን ባዶው ፉርጎ ነው። በ2016 ተመርቆ በ2018 የንግድ አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ዋና ሥራው ከወደብ የሚመጣ የገቢ ዕቃ ማጓጓዝ ነው። የሀገራችን የገቢ ንግድ ከወጪ ንግዷ እጅግ ስለሚበልጥ የመልሱ ጉዞ ቀለል ማለቱ አይቀርም። በዚህ መስመር ላይ የሚሠሩ ወጣት መሐንዲሶቻችን የባዶ ፉርጎን ፍጥነት ከሙሉው ለይተው ማየት እንደሚገባቸው ፊዚክሱ ያስገነዝባል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የምንቀስመው ትምህርት አንድ ነው። ባቡርን ማፍጠን ማለት ኃይለኛ ሞተር መግጠም ብቻ አይደለም። የሚመራው ቅርጽ ራሱ የሚያናውጠው ስለሆነ ፍጥነት የሚፈቀደው በሰስፔንሽኑ መጠን ነው። ክፍል ውስጥ ስለ ፔንዱለምና ስለ ሰበቃ የምንማራቸው ጥቂት እኩልታዎች የብዙ ሺህ መንገደኞች ደኅንነት የቆመባቸው መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንሻለን።

ለማሰላሰያ

1. የሾጣጣው ተዳፋት 1 ለ40፣ የውዝዋዜው ስፋት 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን በሰዓት 300 ኪ.ሜ. ከፍተኛው የጎንዮሽ ሽምጠጣ ስንት ነው?
2. የድሮው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር። ግማሽ ርቀቱን 0.53 ሜትር ወስደን፣ ራዲየሱና ተዳፋቱ እንደ መጀመሪያው ምሳሌ ቢሆኑ የሞገዱ ርዝመት ስንት ይሆናል?
3. በቂጣቸው የተጣበቁት ኩባያዎች ለምን ይወድቃሉ? በቀመሩ ውስጥ «ሾ» ነጌቲቭ ሲሆን ምን እንደሚፈጠር በማሰብ አስረዱ።

መልስ፦ 1) 2.5 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር ገደማ። 2) 13.9 ሜትር ገደማ። 3) ሽምጠጣው ዝንፈቱን የሚቃወም መሆኑ ቀርቶ የሚያግዝ ስለሚሆን ውዝዋዜ ሳይፈጠር ዝንፈቱ ብቻ ያድጋል።